ቲማቲም በባልዲ፦ በጎንደር ክረምት በበረንዳና በመስኮት ሥር ማሳደግ

ሰኔ ግም ሲል ጥያቄው ይጀምራል። «ቲማቲሜ አምሮበት ነበር፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ጠቆረብኝ፤ ምን ሆኖ ነው?» ሐምሌ ላይ ደግሞ «ቤት ባስገባው ይተርፋል ወይ?» የሚለው ይከተላል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

አዎ፣ ክረምትም ይሆናል። ነገር ግን ቲማቲሙን የሚጎዳው ምን እንደሆነ መጀመሪያ እንወቅ። ብዙ ሰው ብርዱ ይመስለዋል። ጎንደር ላይ በክረምት ትልቁ ጠላት የቅጠል እርጥበት ነው። ሰው «ምች መታው» የሚለው፣ የግብርና ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ቀዝቀዝ ያለ አየርና ለሰዓታት ሳይደርቅ የቆየ ቅጠል ይፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ሁለቱንም በነፃ ያቀርቡለታል። ድንችንም የሚያጠቃው ይኸው በሽታ ስለሆነ ከጎረቤት የድንች መደብ በነፋስ ተነሥቶ እናንተ ጋ ይደርሳል። ቅጠሉ ካልረጠበ ግን ቢመጣም መብቀል አይችልም።

ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው፦ ቅጠሉን ከዝናብ ማዳን፣ ብርሃን ግን አለመከልከል። ችግሩ ጣራ ዝናቡን ሲከለክል ብርሃኑንም አብሮ መውሰዱ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ይህን ለማስታረቅ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ4 ተክል)

- እያንዳንዳቸው 20 ሊትር የሚይዙ 4 ዕቃዎች፦ አናቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ በደንብ የታጠበ የቀለም ባልዲ ወይም ጠንካራ ማዳበሪያ (ጆንያ)
- 40 ሊትር ቀይ አፈር፣ 20 ሊትር ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ 20 ሊትር አሸዋ
- ጥሩ ዘር፣ ቢያንስ 10 ፍሬ
- ለችግኝ የሚሆኑ የእርጎ ኩባያዎች ወይም ግማሽ ላይ የተቆረጡ ሃይላንዶች
- 1.5 ሜትር የሚሆኑ 4 ሸምበቆዎች ወይም የባሕር ዛፍ እንጨቶች
- ለማሰሪያ የሚሆን ያረጀ ጨርቅ
- የጤፍ ጭድ፣ ለየዕቃው ሁለት እፍኝ
- ወፍራም ሚስማር፣ ጥቂት ጡብ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ
- ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ፦ ለአፈሩ፣ በረንዳ ከሌላችሁ ደግሞ ለጣራም

ደረጃ 1፦ ቦታ ምረጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የተሳሳተ ቦታ ላይ የተቀመጠ ቲማቲም በማዳበሪያ አይስተካከልም።

ቲማቲም በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ብርሃን ይፈልጋል። በክረምት ያን ያህል አይገኝም፤ ስለዚህ ያለውን አታባክኑ። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ጥሩው ፀሐይ የጠዋቱ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ ካላችሁ ሌላ አትፈልጉ። የጠዋት ፀሐይ ሌላም ጥቅም አላት፤ ሌሊት የተጠራቀመውን ጤዛ ቶሎ ታደርቃለች።

«መስኮቱ ወደ ደቡብ ያያል፤ ፀሐይ ይገባዋል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በታኅሣሥ እውነት ነው። በክረምት ግን አይሠራም። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ካላመናችሁ ሰኔ ላይ በቀትር አንድ እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ጥላው አጭር ሆኖ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በእነዚህ ወራት የቀትር ፀሐይ አያገኝም።

አንድ ቀላል መመዘኛ ልስጣችሁ። ባልዲው በሚቀመጥበት ቦታ ቁጢጥ በሉና ወደ ላይ ቀና በሉ። ከሰማዩ ግማሽ ያህሉ ካልታያችሁ ቦታው ለቲማቲም ጨለማ ነው፤ ለጤና አዳም ይሆን ይሆናል። ከተክሉ በስተጀርባ ያለውን ግድግዳ ኖራ መቀባት ወይም ነጭ ሰሌዳ ማቆም የጎደለውን ብርሃን በከፊል ይመልሳል።

ክፍል ውስጥ ብቻ ቦታ ያላችሁ ሰዎች ዕቃውን መስኮቱ ሥር አስጠግታችሁ አኑሩ። ከመስኮቱ አንድ ሜትር በራቀ ቁጥር ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል። ቅጠሉ መስታወቱን እንዳይነካ ግን አንድ ስንዝር ልቀቁ፤ ጠዋት ላይ መስታወቱ ላብ ስለሚይዝ የነካውን ቅጠል ያረጥበዋል። ዝናብ በሌለበት ሰዓት መስኮቱን ክፈቱት።

በረንዳም የሌላችሁ፣ ግቢ ብቻ ያላችሁ፣ በአራት እንጨት ላይ ላስቲክ ዘርግታችሁ ጣራ ሥሩ። ወደ አንድ ጎን ያዘንብል፤ ያለዚያ ውኃ አቁሮ ይቀደዳል። ጎኖቹን አትሸፍኑ። የታፈነ አየር ቅጠሉን እንደ ዝናብ ያረጥበዋል። ላስቲኩ በረዶም ይመክታል፤ የሐምሌ በረዶ በአሥር ደቂቃ ተክሉን ግንድ ብቻ አድርጎት ይሄዳል።

ደረጃ 2፦ አፈሩን በሚያዝያ አዘጋጁ

ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬ ወይም ቃሪያ የነበረበትን አፈር አትውሰዱ። ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተላለፋል። መረሬ አፈርም ብቻውን አይሆንም። ሲረጥብ ይለጥጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በባልዲ ውስጥ ሥሩን ያፍነዋል።

ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ፍጉ አሮጌ መሆን አለበት፦ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ እበት እበት የማይሸት። ትኩስ እበት ወይም ትኩስ የዶሮ ኩስ ሥር ያቃጥላል። የቀላቀላችሁትን አርጥባችሁ በስሱ አስጡት፤ በላስቲክ ሸፍናችሁ ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ፀሐዩ በረታ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቢቆይ ሙቀቱ ብዙ ተባይና የበሽታ ዘር ይገድላል። ለዚህ ነው ሚያዝያ ያልኩት። ዝናቡ ከገባ በኋላ ይህ ዕድል የለም።

ደረጃ 3፦ ዘር ምረጡና አብቅሉ

ለባልዲ አጭር ሆኖ የሚቆም ዓይነት ይሻላል። ሮማ ቪኤፍ በየዘር ሱቁ ይገኛል፤ ቁመቱም ለከረጢትና ለጀሪካን ይመቻል። ቪ እና ኤፍ የሚሉት ፊደላት ሁለት አፈር ወለድ የማጠውለግ በሽታዎችን እንደሚቋቋም ያመለክታሉ። ሌት ብላይትን ግን አይቋቋምም፤ «በሽታ አይነካውም» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳም ጥሩ ናቸው። ከገበያ የተገዛ ቲማቲም ዘር አውጥቶ መዝራትም ይቻላል፤ ግን ዲቃላ (ሁለት ዓይነት ተዳቅሎ የተገኘ) ከሆነ ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል።

ዘሩን ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት 10 ባለው ጊዜ ዝሩ። ቀኑን የምገፋችሁ በምክንያት ነው። ተክሉ ደመናው ሳይከብድ ጉልበት ማግኘት አለበት። ሐምሌ ላይ የተዘራ ቲማቲም ብርሃን ፍለጋ እንደ ክር ይረዝማል፤ ከዚያ ይወድቃል።

በእያንዳንዱ ኩባያ 2 ዘር አድርጉ፤ ጥልቀቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ ከ6 እስከ 10 ቀን ይበቅላል። እስኪበቅል ብርሃን አይፈልግም፤ ሙቅ ቦታ ይፈልጋል። ብቅ ካለባት ቀን ጀምሮ ግን ወደ ብርሃን አውጡት፤ አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩት። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን በመቀስ ቁረጡት። መንቀል የቀረውን ሥር ይረብሻል።

ደረጃ 4፦ ዕቃውን ብሱ

ሚስማሩን አግሉና ከታች ከ6 እስከ 8 ቀዳዳ አውጡ። ጎኑ ላይም፣ ከታች ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ ሦስት አራት ጨምሩ። ከዚያ ጡብ ላይ አስቀምጡት። መሬት ላይ የተለጠፈ ባልዲ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ውኃው ታች ይተኛል፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

ከታች ጠጠር መደርደር አያስፈልግም። ሁሉም ያደርገዋል፤ ውኃው ግን ጠጠሩ ላይ ሲደርስ አፈሩ ውስጥ ይቆማል እንጂ ቶሎ አይወርድም። ጥቅሙ የሥሩን ቦታ መቀነስ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ችግኙን አዛውሩ

ችግኙ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆንና ከ4 እስከ 5 እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች በኋላ የሚመጣውን) ሲያወጣ ጊዜው ደርሷል። አብዛኛውን ጊዜ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት ውጭ አለማምዱት፦ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ እያለ ይጨምር።

በጥልቀት ትከሉት። የታችኞቹን ቅጠሎች ቁረጡና ግንዱን እስከ ቀሩት ቅጠሎች ድረስ ቅበሩት። የቲማቲም ግንድ አፈር ከነካው በየቦታው ሥር ያወጣል። ብዙ ሥር ማለት ውኃ ቢዘገይም ቶሎ የማይጠወልግ ተክል ማለት ነው። ይህን በሌላ አትክልት አትሞክሩት፤ ቃሪያ እንኳ እንዲህ አይወድም።

በአንድ 20 ሊትር አንድ ተክል ብቻ። «ቦታ አለው፤ ሁለት ይሁን» የሚል ሰው ከሁለቱም የአንዱን ያህል አይለቅምም። የድጋፉን እንጨት በዚያው ቀን ትከሉ፤ በኋላ ሲተከል ሥር ይበጥሳል። በመጨረሻ አፈሩን በጤፍ ጭድ ሸፍኑት። ጭዱ ውኃ ስታጠጡ አፈር ወደ ቅጠሉ እንዳይፈናጠር ያደርጋል።

ደረጃ 6፦ ውኃ

ክረምት ስለሆነ ውኃ አያስፈልገውም ብላችሁ አትርሱት። በረንዳ ሥር ያለ ተክል ዝናብ አያገኝም። በየቀኑ በልማድ ማጠጣትም ትክክል አይደለም። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጡ። እርጥብ ከሆነ ተዉት፤ ነገ እዩት።

ጠዋት አጠጡ፣ ግንዱ ሥር ብቻ። ማታ የረጠበ ቅጠል ሌሊቱን ሙሉ እንደረጠበ ያድራል። ቧንቧው በፈረቃ የሚመጣባችሁ ሰዎች ጠፈጠፉን በበርሜል አጠራቅሙ፤ ለቲማቲም ጥሩ ውኃ ነው። ጠፈጠፉ ራሱ ግን በቀጥታ ባልዲው ላይ እንዳይወርድ ዕቃውን ከቆርቆሮው ጠርዝ ቢያንስ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ አስገቡት።

አንድ ሳምንት አድርቆ አንድ ቀን ማጥለቅለቅ ሁለት ጣጣ ያመጣል። ፍሬው ይሰነጠቃል፤ የፍሬው ታችም ይጠቁራል። ይህ የታች መጥቆር በሽታ አይደለም። ካልሲየም ከውኃ ጋር ወደ ፍሬው በወጉ አለመድረሱ ነው። የእንቁላል ቅርፊት መበተን ቶሎ አያድነውም፤ ውኃውን እኩል እኩል ማድረግ ያድነዋል።

ደረጃ 7፦ ማሰርና መግረዝ

ግንዱን በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በጨርቅ ከእንጨቱ ጋር እሰሩ። ግንዱ ስለሚወፍር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ሲባጎ ይቆርጠዋል።

በግንዱና በቅጠሉ መጋጠሚያ፣ ብብቱ ላይ፣ ትንንሽ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። በሮማ ላይ ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ በታች ያሉትን ብቻ አንሱ። ከላይ ያሉት ፍሬ ይሰጣሉ። ረጅም እየሆነ የሚሄድ ዓይነት ከሆነ ግን ሁሉንም አንሱ፤ ያለዚያ በረንዳው ጫካ ይሆናል፤ አየርም አያልፍም። አፈሩን የሚነኩ የታች ቅጠሎችን በሁለቱም ላይ ቁረጡ። ይህን ሥራ ጠዋት፣ ቅጠሉ ሲደርቅ፣ በታጠበ እጅ ሥሩ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በተለይ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከትምባሆ ወደ ቲማቲም የሚተላለፍ ቫይረስ አለ።

ደረጃ 8፦ አበባውን አራግፉ

አበባ ሞልቶ ፍሬ የማይዝ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ነፋስ ማጣት ነው። የቲማቲም አበባ ወንዴውም ሴቴውም አንድ ላይ ነው፤ ዱቄቱ እንዲረግፍ ግን መንቀጥቀጥ አለበት። ውጭ ነፋስና ንብ ይሠሩታል። ቤት ውስጥ ሥራው የእናንተ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የአበባውን ዘለላ ከጀርባው በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት። በሁለት ቀን አንዴ ይበቃል። ዝናባማ በሆነ ቀን ዱቄቱ ስለሚረጥብ አይረግፍም፤ ጠራ ያለውን ቀን ጠብቁ።

ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ከወረደም አበባው ሳይዝ ይረግፋል። በሐምሌ ግድግዳ ተጠግቶ መቀመጡ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በዚያ ወቅት የሚያብብ ካላችሁ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት።

ደረጃ 9፦ ምግብ

ስትተክሉ አንድ የሻይ ማንኪያ ኤንፒኤስ የተባለውን ማዳበሪያ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። የመጀመሪያው ፍሬ የሽምብራ ቅንጣት ሲያህል አንድ እፍኝ ኮምፖስት ላዩ ላይ አድርጉ፤ በየሦስት ሳምንቱ ድገሙት። ዩሪያ የምትወዱ ሰዎች ተረጋጉ። ዩሪያ ቅጠል ነው የሚሰጠው። ተክሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ አበባ ካላሳየ የጠገበው ዩሪያ ወይም የዶሮ ኩስ ነው። አመድ ፖታሽ አለው፤ በወር አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አፈሩን ያበላሸዋል።

ደረጃ 10፦ ቅጠሉን በየጠዋቱ እዩ

- ውኃ የነካው የሚመስል ጥቁር አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ፣ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ፦ ሌት ብላይት ነው። ቅጠሉን ወዲያው ቁረጡ፤ ላስቲክ ውስጥ አሥራችሁ ጣሉ። ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት። ግንዱ ከጠቆረ ሙሉ ተክሉን አስወግዱ፤ ማዘን ሌሎቹን ያስበላል።
- ከታች ጀምሮ በክብ በክብ የተሠራ ደረቅ ነጥብ፦ ይህኛው ቀስ ብሎ የሚሄድ ሌላ የፈንገስ በሽታ ነው። የታመሙትን ቅጠሎች አንሱ፤ ጭዱን ጨምሩ።
- ቅጠሉ ውስጥ የሚሄድ ነጣ ያለ መስመርና ጉድጓድ፦ ቱታ አብሶሉታ የተባለው ትል ነው። በደረቁ ወቅት ይብሳል። ቅጠሉን ከነትሉ ጨፍልቁት።
- ክሽክሽና ነጭ ዝንብ፦ በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡና ከቅጠሉ ሥር እርጩ። ጠዋት ይሁን፤ ቶሎ እንዲደርቅ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

በ3 ወይም በ5 ሊትር ዕቃ መትከል። ችግኝ ሳለ ያምራል፤ ፍሬ ሲይዝ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ ይጠይቃል።

ፀሐይ ወጣች ብሎ ባልዲውን ደጅ አውጥቶ መርሳት። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ይመጣል፤ የወር ድካም በአንድ ከሰዓት ይሄዳል።

ከሰል ምድጃ ወይም ጭስ አጠገብ ማስቀመጥ። ጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ቅጠሉን ያጥፋል፤ አበባውን ያረግፋል። ማዕድ ቤት መስኮት ላይ ያደረጋችሁ ሰዎች፣ የአበባው መርገፍ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ

የጸረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል ዕቃ የነበረን ጀሪካን በምንም መልኩ አትጠቀሙ። አጥቤዋለሁ አይባልም።

ማንኮዜብ ወይም ሪዶሚል የተባሉትን የሌት ብላይት መድኃኒቶች መርጨት ካለባችሁ ቤት ውስጥ አትርጩ። ዕቃውን ውጭ አውጡት፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፤ መመሪያው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ አትልቀሙ። እነዚህ መድኃኒቶች በዋናነት የሚከላከሉ ናቸው፤ የጠቆረ ቅጠል አይመልሱም።

እርጥብ አፈር የሞላ 20 ሊትር ባልዲ ከ25 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሰዎች ሰገነቱ ጠርዝ ላይ አትደርድሩት፤ ልጆች እንዳይስቡትም ተጠንቀቁ። የቲማቲም ቅጠልና ግንድ ለፍየልም ለበግም አይሰጥም፤ መርዛማ ነገር አለው።

ደረጃ 11፦ መልቀም

ግንቦት መጀመሪያ የተዘራው ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ይቀላል፤ እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ ዋናው ይደርሳል። ደመናው ከበዛ ሊዘገይ ይችላል። ፍሬው እስኪቀላ ተክሉ ላይ አትጠብቁ፤ ቀለሙ ወደ ሮዝ መለወጥ ሲጀምር ልቀሙት። በቤት ሙቀት ይቀላል፤ ጣዕሙም አይቀንስም። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ብርዱ መቅላቱን ያቆመዋል፤ ጣዕሙንም ይገድለዋል። በሽታ የገባበት ተክል ላይ የቀረ ያልተነካ አረንጓዴ ፍሬ ካለ ለቅማችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ውስጥ ጠቅልሉት፤ ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ያበስለዋል።

ዘር ማስቀረት ከፈለጋችሁ ዲቃላ ካልሆነ ጤነኛ ተክል ላይ በጣም የበሰለውን ምረጡ። ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ጨምቁት፤ ትንሽ ውኃ ጨምሩና ለ2 ወይም ለ3 ቀን ይቡካ። የሚንሳፈፈውን ድፉ፤ ታች የቀረውን በወንፊት እጠቡ። ሳህን ላይ በስሱ አስጡት፤ ወረቀት ላይ ካሰጣችሁት ይጣበቃል። ጥላ ውስጥ ሲደርቅ በፖስታ አድርጋችሁ የዓይነቱን ስምና ዓመቱን ጻፉበት።